ከኢሜይል ሣጥን በስተጀርባ ያሉት ፈታሾች

በቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና፣ በተለይ በግሪንውድ ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተቀራርበው ይገኛሉ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ለአንዱ ምግብ ቤት «ለ60 ሰው የሚሆን ምግብ ታዘጋጁልናላችሁ ወይ?» የሚል ኢሜይል ተላከ እንበል። በዚያው ሰዓት ሎተሪ ደርሶዎታል የሚሉና የሐሰት ደረሰኝ ያያያዙ መልእክቶችም ወደዚያው አድራሻ ይጎርፋሉ። ባለቤቷ ወጡን ስታማስል ደብዳቤዎቹን የሚለይላት ማን ነው?

አነስተኛ ንግዶች በሚከራዩአቸው ብዙ ሰርቨሮች ላይ ይህን የሚሠራው ስፓምአሳሲን የተባለ ነጻ ፕሮግራም ነው። አየርላንዳዊው ጀስቲን ሜሰን በ2001 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አቀረበው፤ በ2004 የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ፕሮጀክት ሆነ።

ፕሮግራሙን ለእያንዳንዱ ደብዳቤ እንደ አዲስ ማስነሳት ጊዜ ይፈጃል፤ ሲነሳ የመፈተሻ ሕጎቹን ሁሉ መጫን አለበትና። ስለዚህ ስፓምዲ የተባለው ክፍል ሕጎቹን አንድ ጊዜ ጭኖ ሥራ ይጠብቃል፤ ስፓምሲ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ደብዳቤ ያመላልስለታል። ስፓምዲ ሲነሳ አንድ ወላጅ ሂደት (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) እና በሥሩ ጥቂት ልጅ ሂደቶች ይኖሩታል።

ወላጁ ደብዳቤ አያነብም። በር ላይ ቆሞ እንግዳ እንደሚደለድል አስተናጋጅ፣ ሥራ የፈታውን ልጅ መርጦ እንዲቀበል ያዘዋል። ልጁ ሲጀምር መያዙን፣ ሲጨርስ ነጻ መሆኑን ያሳውቃል። ነጻ ከሆኑት መካከል ወላጁ ሁልጊዜ የሚያዘው ዝቅተኛ የሂደት ቁጥር ያለውን ነው። ሥራው ለሁሉም እኩል ቢታደል ሁሉም ሜሞሪ እንደያዙ ይቆያሉ፤ በጥቂቶቹ ላይ ሲከማች ግን ትርፎቹን ማሰናበት ይቻላል። አስተዳዳሪው ካልቀየረው በቀር ልጆቹ ከ5 አይበልጡም። እያንዳንዱ 200 ጥያቄ ካስተናገደ በኋላ ሥራውን ይለቃል፤ ካስፈለገ አዲስ ይተካዋል። ብዙ የቆየ ሂደት ሜሞሪ እያግበሰበሰ ይሄዳልና።

ልጁ ደብዳቤውን በሕጎቹ እየፈተሸ ነጥብ ይሰጣል። አጠራጣሪ ነገር ነጥቡን ከፍ፣ የታማኝነት ምልክት ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ድምሩ 5 ሲሞላ «አይፈለጌ» የሚል ምልክት ይለጥፍበታል። አይሰርዘውም፤ ወደ ስፓም ማኅደር መውሰዱ የሌላ ፕሮግራም ሥራ ነው።

በዓል ሲደርስና አምስቱም ልጆች ሲያዙስ? አዲሱ ጥያቄ ወረፋ ይይዛል፤ ወላጁም ጣሪያው ላይ መድረሱን በመዝገቡ ያሰፍራል። የልጆቹን ቁጥር እንዲሁ ማብዛት አይበጅም፤ ሜሞሪው ካለቀ ሰርቨሩ በሙሉ ይንቀራፈፋል። ስፓምሲ ደጋግሞ ሞክሮ ስፓምዲን ካላገኘው ደብዳቤውን ሳያስፈትሽ ያሳልፈዋል። ከ500 ኪሎባይት በላይ የሆነውንም እንዲሁ። የአሠራሩ መነሻ ግልጽ ነው፦ እውነተኛ ደብዳቤ ከሚጠፋ ጥቂት ቆሻሻ ቢገባ ይሻላል።

አማርኛ ጸሐፊዎች ሊያውቁት የሚገባም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ፈታሹ ጽሑፉን ማንበብ ይችላል። ሆኖም ማጭበርበሪያ ሐረጎችን የሚያድኑት ሕጎች በአብዛኛው የተጻፉት ለእንግሊዝኛ ነው። ለአማርኛ የሚረዳው ከናሙና የሚማረው ክፍል ሲሆን፣ እሱም ፍርድ መስጠት የሚጀምረው ቢያንስ 200 ጥሩና 200 አይፈለጌ ደብዳቤ ካየ በኋላ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ትዕዛዝ የሚቀበል ንግድ፣ ጥሩ ደብዳቤዎቹንም ለትምህርት እንዲያቀርብለት አስተዳዳሪውን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ላኪውም ድርሻ አለው። ጥቂት ቃል ብቻ ያለበት የምስል ኢሜይል ነጥብ ሊያስቆጥር ስለሚችል፣ የግብዣ ፖስተር ስንልክ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በፊደል መጻፍ ይበጃል። ምግብ ቤቷ ደግሞ በበዓል ሰሞን የስፓም ማኅደሯን በየቀኑ ብትከፍት መልካም ነው፤ ነጥቡ 5 የሞላ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለምና።