በራሱ የሚቆም ጥርስ

የፊት ጥርሱ የወለቀበት ሰው መሣቅ ስለሚያፍር ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አይዘገይም። መንጋጋ ጥርሱን የተነቀለው ግን በሌላው ጎን እያኘከ ዓመታት ይቆያል። ይሁንና ጥርስ በቦታው የሚጸናው በጎረቤቶቹና በትይዩው ተደግፎ ነው። አንዱ ሲጎድል ከኋላው ያለው ወደ ክፍተቱ ሊያዘነብል፣ ትይዩው ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ ሥር ያጣው አጥንትም እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ምትክ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ ሸክሙን ማን ይሸከማል የሚለው ነው። የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ በድድና በቀሪዎቹ ጥርሶች ላይ ያርፋል። ድልድይ የሚባለው ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች፣ ጤነኞች ቢሆኑም እንኳ፣ ተሞርደው ምሰሶ እንዲሆኑት ይፈልጋል። ኢምፕላንት ግን የራሱ ሥር አለው፤ ሥሩም አጥንት ውስጥ የሚገባ የታይታኒየም ብሎን ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው የታይታኒየም መሣሪያ አልነቀል ሲለው አጥንትና ይህ ብረት እንደሚዋሐዱ አስተዋለ፤ በ1965ም በሰው መንጋጋ አጥንት ውስጥ የታይታኒየም ሥር ተከለ። ውሕደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ ማኘኪያው ክራውን የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ያለ መንጋጋም ይኖራል» የሚለው ሙግት ከፊል እውነት አለው። የጎደለው የመጨረሻው መንጋጋ ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው ሳይቸገር ስለሚያኝክ፣ ሐኪሙ ራሱ ይቅር ሊል ይችላል። በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው፣ የማኘክ ዋና ሸክም ያለበት የመጀመሪያው መንጋጋ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። የኢምፕላንት ዋጋም ይከብዳል፤ ሆኖም ከድልድዩ ምሰሶዎች አንዱ ቢበላሽ ሙሉው ሥራ እንደሚፈርስ አብሮ መታሰብ አለበት። ለሁሉም ሰው ይሆናል ማለትም አይደለም። ታች መንጋጋ ውስጥ ነርቭ ያልፋል፤ ከላይኛው በላይ የሳይነስ ባዶ ክፍል አለ። ስለዚህ አጥንቱ ከሳሳ ብሎኑ እንዳይነካቸው መጀመሪያ መሙላት ሊያስፈልግ ይችላል። ሲጋራና ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም ስኬቱን ይቀንሳሉ፤ አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅም አይተከልም።

ብረት አይቦረቦርም፤ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል። የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው፣ ጫና ሲበዛ የሚያስጠነቅቀው ስስ ጅማት ኢምፕላንት ላይ የለም። አጥንቱ ሲበላ ባለቤቱ ላይሰማው ስለሚችል፣ በብሩሽና በክር ማጽዳቱና በየጊዜው መታየቱ የሕክምናው ክፍል ነው። ክፍተቱ ስለማይታይ ችላ የተባለው መንጋጋ፣ ምትኩም ስለማያም እንደገና ችላ ሊባል ይችላል።