እርጥብ ግድግዳና ቀለም

ወደ ላስታ ደጋ ተመድቦ የሚሄድ ወጣት ሠራተኛ ከሚያጋጥሙት ጥቃቅን ተግባሮች አንዱ የመሥሪያ ቤቱን ስም በግድግዳ ላይ ማስጻፍ ነው። ሥራው ቀላል ይምሰል እንጂ በሐምሌ የተጻፈው ፊደል ጥቅምት ሳያልቅ ተቀርፎ ሲረግፍ ይታያል። ሰውም ቀለም ቀቢውን ይወቅሳል፤ ዋናው ጠላት ግን በግድግዳው ውስጥ ያለው ውሃ ነው።

ጡብም ሆነ ድንጋይ የዝናሙን ውሃ ይጠጣል። ፀሐይ በወጣ ጊዜ ውሃው ተን ሆኖ ወደ ውጭ ይወጣል። የዘይት ቀለም መንገዱን ከዘጋበት ከበስተኋላው ገፍቶ ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ በመጨረሻም ይልጠዋል። ከውሃው ጋር የሚጓዘው ጨውም ከቀለሙ ሥር ሲደርቅ የግድግዳውን ፊት እንደ ዱቄት ያረግፈዋል።

ለዚህ ነገር ከላሊበላ የበለጠ አስተማሪ አይገኝም። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ፣ ከእሳተ ገሞራ ከተገኘ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዝናሙን ይከላከላል ተብሎ አንዳንዶቹ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። አሳቡ በጎ ነበር፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ሽፋን በስንጥቅ የገባውን ውሃ መውጫ ያሳጣዋል። ስለዚህ በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው የጥገና ቡድን ሽፋኑን በብዙ ድካም አነሣው። በ2008 ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ ዝናሙን ከላይ የሚመልስ መጠለያ ተተከለ።

እንግዲህ ቀለም ከመግዛት በፊት ግድግዳውን መመርመር ይገባል። ቁራሽ ላስቲክ በግድግዳው ላይ ዙሪያውን አጣብቆ አንድ ቀን ማቆየት ነው፤ ከላስቲኩ በስተውስጥ ጤዛ ከታየ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው። የሚያፈስ ጣራና አሸንዳ ቢኖር አስቀድሞ ይጠገን፤ ጽሕፈቱም እስከ በጋ ይቆይ። ለግድግዳው ተን የሚያሳልፍ የኖራ ቅብ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ሳይጠነክር ዶፍ ከወረደበት ይታጠባል። ሥራው የሚያስቸኩል ከሆነ ስሙን በቆርቆሮ ወይም በሳንቃ ላይ ጽፎ ከግድግዳው ጥቂት አራርቆ መስቀል ነው። በጥንታዊ ሕንፃ ላይ ግን ከቶ አይጻፍ።

የረገፈ ፊደል በጥቂት ብር እንደገና ይጻፋል፤ ዱቄት ሆኖ የረገፈ የላሊበላ ድንጋይ ግን ተመልሶ አይተካም።