ሮክፊሽ፦ የድፍርሱ ባሕር ባለ ረጅም ዕድሜ

ከካሊፎርኒያ እስከ አላስካ በተዘረጋው የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ባሕሩ ጥርት ብሎ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውኃ ከዳርቻው ያርቀዋል፤ በእሱ ቦታ ቀዝቃዛና በማዕድን የዳበረ ውኃ ከጥልቁ ይወጣል። ያን ምግብ ያገኙ በዓይን የማይታዩ ዕፀዋት በአጭር ጊዜ ይባዙና ባሕሩ አረንጓዴ ሆኖ ይደፈርሳል። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ በሰሜን ካሊፎርኒያ እንደ ራሺያንና ኢል ያሉ ወንዞች ደለላቸውን ወደ ባሕሩ ያፈሳሉ። ሳይደፈርስ አይጠራም ይባላል፤ በዚህ ዳርቻ ግን ድፍርሱ ራሱ ሲሳይ ነው። ሮክፊሽ የሚባለው የአለት ዓሣ የሚጠግበው በዚሁ ውኃ ነው።

ሮክፊሽ የአንድ ዓሣ ስም አይደለም፤ በዓለም ላይ ከ100 በላይ ዝርያ ያለው ሰፊ ወገን ነው። ከ60 የሚበልጡት በካሊፎርኒያ ዳርቻ ይገኛሉ። ጥቁሩና ሰማያዊው በመንጋ ሆነው ከአለቱ በላይ ይንሳፈፋሉ፤ ሌሎቹ፣ ቀዩም ዥንጉርጉሩም፣ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጠው የሚያልፈውን ይጠብቃሉ። የጀርባቸው እሾህ መርዝ አለበት፤ የወጋው እጅ ክፉኛ ያቃጥላል። ወገኑ የሚገርመው ግን በአወላለዱና በዕድሜው ነው። እናቲቱ እንቁላሏን ውኃ ላይ አትበትንም፤ በሆዷ ይዛ ከተፈለፈለ በኋላ ጥቃቅን እጮቿን በሕይወት ትለቃለች። ጥቁሩ ሮክፊሽ እስከ 50 ዓመት ገደማ ይኖራል፤ ቢጫ ዓይና የሚባለው ከ100 ዓመት ያልፋል፤ በጥልቁ የሚኖረው ራፍአይ ደግሞ ከ200 ዓመት በላይ እንደሚኖር በጆሮው ውስጥ ባለው ጠጣር አካል ላይ የሚታዩት የዓመት ቀለበቶች ተቆጥረው ታውቋል።

ይህን ዓሣ ለማጥመድ ካያክ የተባለውን ጀልባ የሚመርጡ ሰዎች በርካታ ናቸው። ካያክን በመጀመሪያ የሠሩት ኢኑይት፣ ዩፒክና አሌውት የተባሉት የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ አጽሙን ከእንጨት ወይም ከአጥንት አበጅተው የባሕር እንስሳት ቆዳ ያለብሱት ነበር። የዛሬው የማጥመጃ ካያክ ከፕላስቲክ የሚሠራና ሰው ከላዩ የሚቀመጥበት ነው፤ የገባበትም ውኃ በቀዳዳዎቹ ተመልሶ ይፈስሳል። ጣና ላይ ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ የሚያውቅ አንባቢ ጠባዩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሁለቱም ጠባብና ቀላል ናቸው፣ ውኃውንም ተጠግተው ይሄዳሉ። ካያክ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ወደማይደፍሩት አለትና ኬልፕ ወደሚባለው ረጅም የባሕር አረም መካከል ያለ ጩኸት ይገባል።

ውኃው ሲደፈርስ አጥማጁ ራሱን መጠየቅ ያለበት ዓሣው በምን እንደሚያገኘው ነው። ብርሃን ወደ ታች ሲወርድ ከቀለሞች ሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ ላይ ሲታይ ደማቅ ቀይ የነበረው ማባበያ ታች ሲደርስ ጥቁር ጥላ ይመስላል። ስለዚህ በድፍርስ ውኃ ከቀለሙ ውበት ይልቅ ጎልቶ መታየቱ ይፈለጋል፤ ጥቁር፣ ነጭ ወይም በጨለማ የሚያበራ ይመረጣል። ሮክፊሽ በጎኑ ከራሱ እስከ ጅራቱ በተዘረጋው መስመር የውኃውን ንቅናቄ ይሰማል፤ በመሆኑም ጅራቱ የሚርገበገብ የጎማ ዓሣ ወይም የሚንኳኳ ብረት ሳያየው ይጠራዋል። መንጠቆው ላይ የተሰካ የስኩዊድ ቁራጭ ደግሞ በሽታው ይመራዋል። እንቅስቃሴው ዝግ ማለት አለበት፤ ዓሣው ፈልጎ እስኪደርስ ጊዜ ያስፈልገዋልና።

የወንዝ ጎርፍ ያደፈረሰው ባሕር ሌላ ጠባይም አለው። ጨው የሌለበት ውኃ ከጨዋማው ስለሚቀል ደለሉን ይዞ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ ያለው ውኃ አንዳንዴ የጠራ ነው። ላዩን አይቶ ተስፋ የቆረጠ አጥማጅ ከታች ያለውን መልካም ውኃ ሳይሞክረው ይመለሳል። አለቱን ለማግኘትም ዓይን አያስፈልግም፤ በካያኩ ላይ የሚገጠመው የድምፅ መሣሪያ ወደ ታች ድምፅ ልኮ በሚመለሰው ማሚቶ የመሬቱን ቅርጽ ይሥላል፤ ድፍርስ አያግደውም። አጥማጁ ከአለቱ በላይ ሆኖ የእርሳሱን ክብደት ቀጥ አድርጎ ይለቃል፤ መሬት ሲነካ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ካልሆነ ስንጥቅ ይይዘዋል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው እዚህ ይሠራል፤ ሊንግኮድ የተባለው ባለ ትልቅ አፍ አዳኝ መንጠቆ ላይ ያለውን ሮክፊሽ ነክሶ አብሮ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ውኃው በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ የመንሳፈፊያ ሰደርያና ሰውነትን የሚያሞቅ የባሕር ልብስ ሳይለብሱ መውጣት ሕይወትን መድፈር ነው። ለብቻ አለመውጣት፣ የባሕር ሬዲዮ መያዝና ጭጋግ ሳይወርድ መመለስም የሙያው ሕግ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይዘው የማይሄዱትን ዓሣ በሕይወት የመልቀቅ ጥበብ ነው። ሮክፊሽ በሆዱ ያለው የአየር ከረጢት ዝግ ነው፤ አየሩን ቶሎ ማውጣት አይችልም። በ30 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት ከውኃው በላይ ካለው አራት እጥፍ ስለሆነ፣ ዓሣው ሲሳብ አየሩ እየሰፋ ይነፋዋል፤ ዓይኑ ይፈጥጣል፣ ጨጓራው በአፉ ይወጣል። እንዲህ ያለው ዓሣ ላዩ ላይ ቢጣል መስመጥ ስለማይችል ተንሳፍፎ ይሞታል። መፍትሔ ግን አለው፤ አገጩን የሚይዝ ክብደት ያለው መሣሪያ ወደ ጥልቁ ያወርደውና እዚያ ይለቀዋል። ግፊቱ ሲመለስ አየሩ ይጠብባል፤ ብዙዎቹም ይተርፋሉ።

ይህ ጥንቃቄ የመጣው ከመራራ ልምድ ነው። ለአሥርት ዓመታት ያለ ልክ ከመጠመዱ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ መንግሥት በምዕራብ ዳርቻው ያለው የባሕር ወለል ዓሣ ማስገር አደጋ ደርሶበታል ሲል አወጀ፤ በ2002 ሰፋፊ የባሕር ክልሎች ተዘጉ። ትዕግሥቱም ፍሬ አፈራ፤ ካናሪ የተባለው ዝርያ በ2015፣ ቦካቾ በ2017፣ ካውኮድ በ2019 አገግመዋል ተባለ። ቢጫ ዓይናው ግን ለማገገም ከእነዚህ ይበልጥ ጊዜ ወስዷል። አንድ ሮክፊሽ ለመውለድ ዓመታት ይፈልጋል፤ በጥቁሩ ሮክፊሽ ላይ እንደታየው ያረጀችው እናት የምትወልዳቸው እጮች ከወጣቷ ልጆች ይበልጥ ብርቱ ናቸው። ትልቁን ዓሣ መውሰድ ማለት ከአለቱ ላይ ጠንካራውን ዘር መንቀል ነው።

በካሊፎርኒያ ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው በድምሩ 10 ነው፤ ሲያትል አጠገብ ባለው የፒዩጀት ሳውንድ አብዛኛው ክፍል ግን አንድ ሮክፊሽ እንኳ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። በእነዚህ አካባቢዎች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባሕሩን ሊሞክሩ ቢነሱ ፈቃድ ከማውጣት ጋር የዓመቱን ደንብ ያንብቡ፤ መልቀቂያ መሣሪያውንም ከመንጠቆው ጋር አብረው ይግዙ። ለእራት የሚበቃው ከተገኘ ዘንጉን አጥፎ መመለስ ይገባል፤ ከአንድ አለት ላይ ቀኑን ሙሉ መልቀም የሰው ዕድሜ ያህል የኖረ መንደር ባዶ ማድረግ ነውና።