የተጨማደደው አተር

የአተር አበባ በሩን ዘግቶ የሚጋባ አበባ ነው። ገና ሳይፈካ፣ ንብም ሳትደርስበት፣ የራሱ የአበባ ዱቄት በራሱ ሴቴ አካል ላይ ይራገፍና ፍሬ ይይዛል። ስለዚህ አንድ የአተር ዘር፣ ሰው እጁን ካላስገባበት በቀር፣ ከሌላው ጋር እምብዛም ሳይደባለቅ ከዓመት ዓመት ይዘልቃል። ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው በብርኖ ከተማ ገዳም ይኖር የነበረው ግሬጎር ሜንዴል፣ የወላጅ ጠባይ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ለማወቅ ሲነሣ አተርን ከመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር።

እጁን ያስገባበት መንገድ ቀላል፣ ግን አሰልቺ ነው። እንቡጡን ሳይበስል ይከፍታል፤ በውስጡ ያሉትን አሥር ወንዴ አካላት በወረንጦ አንድ በአንድ ይነቅላል፤ ከሌላ ዘር ያመጣውን የአበባ ዱቄት በሴቴው ጫፍ ላይ ይቀባል፤ ነፍሳት ሌላ ዱቄት እንዳያመጡበትም አበባውን ይሸፍናል። ከዚያ በፊት 34 ዓይነት የአተር ዘር ሰብስቦ፣ በእርግጥ ያልተደባለቁ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ብቻ ሁለት ዓመት አብቅሏቸዋል። ከ1856 እስከ 1863 ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 28,000 ያህል ተክል በእጁ አልፏል።

ሰውዬው የገበሬ ልጅ ነው። የመምህርነት ፈቃድ ለማግኘት ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለቱንም ጊዜ ሳይሳካለት ቀርቷል። በሁለቱ ፈተናዎች መካከል ግን ቪየና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስና ሒሳብ ተምሯል፤ የጠቀመውም ይኸው ነው። ከእሱ በፊት ተክል ያዳቀሉ ብዙዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የተወለደውን አይተው "ይህ አባቱን መሰለ፣ ያ እናቱን መሰለ" ከማለት አላለፉም። ሜንዴል ግን ቁጭ ብሎ ቆጠረ።

በዘመኑ የነበረው ግምት የእናትና የአባት ጠባይ በልጅ ውስጥ ተዋሕዶ መካከለኛ ይሆናል የሚል ነው። እንዲያ ቢሆን ድቡልቡል አተርና ጭምድድ አተር ሲዳቀሉ ትንሽ የተጨማደደ አተር መገኘት ነበረበት። አልተገኘም። የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ድቡልቡል ሆነ፤ ጭምድዱ የጠፋ መሰለ። ሜንዴል እነዚህን ዘርቶ እንደ ልማዳቸው ከራሳቸው ጋር እንዲራቡ ሲተዋቸው፣ ከ253 ተክሎች 7,324 ፍሬ ለቀመ። 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ዎቹ ጭምድድ። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ሽፋን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኙ ነበር። ጭምድዶቹም እንደ አያታቸው በደንብ የተጨማደዱ እንጂ ለስለስ ያሉ አይደሉም።

ሦስት ለአንድ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ባበቃ፤ ሜንዴል ግን ከድቡልቡሎቹ 565ቱን መልሶ ዘራ። 193ቱ ድቡልቡል ብቻ አፈሩ። 372ቱ ግን ድቡልቡልም ጭምድድም ሰጡ። ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ዓይነት የሆኑ ፍሬዎች በውስጣቸው ሁለት ዓይነት ነበሩ ማለት ነው፤ ያውም አንድ ለሁለት በሆነ መጠን።

ከቁጥሩ የወጣው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ጠባይ ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። የራሱን ዘር ሲያዘጋጅ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያስተላልፋል፤ የትኛው እንደሚያልፍ ዕድል ይወስነዋል። የድቡልቡሉን ቅጂ "ድ"፣ የጭምድዱን "ጭ" ብንለው፣ ሁለት "ድጭ" ወላጆች ሲገናኙ የሚወጣው ድድ፣ ድጭ፣ ጭድ ወይም ጭጭ ነው። "ድ" ገናና ስለሆነ አንዱ ብቻውን ይበቃል፤ ሦስቱ ድቡልቡል ሆነው ይታያሉ። "ጭ" ድብቅ ነው፤ የሚገለጠው ሁለቱም ሲገናኙ ብቻ ነው። መደበቅ ግን መጥፋት አይደለም። ዛሬ ያንን ቅጂ ዘረመል እንለዋለን።

ሁለት ጠባዮችን አንድ ላይ ሲከታተልም አንዱ የሌላውን መንገድ እንደማይዘጋ አየ። ከ556 ፍሬዎች 315ቱ ድቡልቡልና ቢጫ፣ 108ቱ ድቡልቡልና አረንጓዴ፣ 101ዱ ጭምድድና ቢጫ፣ 32ቱ ጭምድድና አረንጓዴ ሆኑ፤ ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ ከሚለው ስሌት ብዙ አይርቅም። ይህ ሕግ ግን ገደብ አለው። ዘረመሎች ክሮሞዞም በሚባሉ ክሮች ላይ ተደርድረው ይኖራሉ፤ አተር ሰባት ጥንድ፣ ሰው 23 ጥንድ አለው። በአንድ ክር ላይ የተጠጋጉ ዘረመሎች አብረው መጓዝ ይወዳሉ። የስታትስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በ1936 የሜንዴል ቁጥሮች ከሚጠበቀው በላይ ለስሌቱ ቀርበዋል ብሎ ጥርጣሬ አንሥቷል፤ ክርክሩ ረጅም ነው፤ ሕጎቹን ግን አላፈረሰም።

ሜንዴል ውጤቱን በ1865 በብርኖ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር ፊት አነበበ፤ በማግሥቱ ዓመት ታተመ። ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም ማለት ይቻላል። የሙኒኩ ሊቅ ካርል ኔገሊ ደብዳቤ ቢጻጻፈውም ያተኮረው ሂራሲየም በተባለ ቢጫ አበባ ላይ ነበር፤ ሜንዴልም ዓመታት ደከመበት። ያ ተክል ብዙ ጊዜ ያለ አባት ፍሬ ስለሚያፈራ ሕጉ ሊታይ አልቻለም፤ ይህን ግን ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። ሜንዴል በ1868 የገዳሙ አበምኔት ሆኖ ተመረጠ፤ ከመንግሥት ጋር በግብር ሲሟገት ኖሮ በ1884 ዐረፈ። በ1900 ሁጎ ደ ፍሪስ፣ ካርል ኮረንስና ኤሪክ ፎን ቸርማክ በየፊናቸው ወደዚያው ውጤት ሲደርሱ፣ ሰውየው ቀድሟቸው ኖሯል።

አተሩ ለምን እንደሚጨማደድ የታወቀው ደግሞ በ1990 ነው። በእንግሊዝ ኖርዊች የሚሠሩ ተመራማሪዎች በጭምድዱ አተር አንድ ዘረመል መካከል 800 ያህል ፊደል ርዝመት ያለው ባዕድ የዲኤንኤ ቁራጭ ተሰንቅሮ አገኙ። ያ ዘረመል ስኳርን ወደ ስታርች ለመለወጥ የሚረዳ ኢንዛይም ያሠራ ነበር፤ ሲበላሽ ፍሬው ውስጥ ስኳር ይበዛል፤ ስኳር ውኃ ይስባል፤ እሸቱ ያብጣል፤ ሲደርቅ ያ ሁሉ ውኃ ወጥቶ ልባሱ ይሸበሸባል። በእሸትነቱ የሚጣፍጠው፣ በየሱፐርማርኬቱ በረዶ ሆኖ የሚሸጠውም በአብዛኛው ይኸው ጭምድድ ዓይነት ነው።

"ገናና" የሚለው ቃል ጉልበትን የሚያመለክት ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ከሁለት ቅጂ አንዱ ደህና ከሆነ ፍሬውን ድቡልቡል ለማድረግ የሚበቃ ኢንዛይም ይገኛል። የ"ድጭ" አተር ስታርች በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንክብሎቹ የሁለቱ ወላጆች መካከለኛ ናቸው። በዓይን የማይታየው ልዩነት በመስታወቱ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሜንዴል ካጠናቸው ሰባት ጠባዮች የመጨረሻዎቹን ሦስት የሚወስኑት ዘረመሎች የተለዩት ገና በ2025፣ ወደ 700 የሚጠጉ የአተር ናሙናዎች ዲኤንኤ ከተነበበ በኋላ ነው።

ኢትዮጵያም የራሷ አተር አላት። በደቡብ ትግራይና በሰሜን ወሎ የሚዘራው ደቆቆ በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ "አቢሲኒከም" የሚል ቅጥያ ይዟል። ከተራው አተር ጋር ሲዳቀል ዲቃላው ብዙ ጊዜ በደንብ አያፈራም፤ አንዱ ምክንያት የክሮሞዞሞቻቸው ቁራጮች ቦታ መለዋወጣቸው ነው።

ሰው ላይ ሲመጣ የሜንዴል ሕግ በግልጽ የሚታየው በጥቂት ጠባዮች ነው። በተለመደው ዓይነት አልቢኒዝም፣ ሁለቱም ወላጆች ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሆኖ ድብቁን ቅጂ ሊይዙ ይችላሉ፤ ያኔ እያንዳንዱ ልጃቸው አልቢኖ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አራት ቢወልዱ አንዱ የግድ እንዲያ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ዕጣው በየወሊዱ እንደ አዲስ ይጣላል። በደም ዓይነት ደግሞ የኤና የቢ ቅጂዎች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም፤ ሁለቱም ይታያሉ። ቁመት ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ በ2022 የወጣ ጥናት ከቁመት ጋር የተያያዙ ከ12,000 በላይ የዲኤንኤ ልዩነቶችን ለይቷል፤ ምግብና ጤናም ድርሻቸውን ይይዛሉ።

ፆታ ግን እንደ አተሩ ቀላል ነው። እናት ሁልጊዜ የምታስተላልፈው ኤክስ ክሮሞዞም ነው፤ አባት ኤክስ ወይም ዋይ። ዋይ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ይወለዳል። ወንድ አልወለደችም ተብላ የምትወቀስ ሚስት በአገራችን ጥቂት አይደለችም፤ ወቃሹ የሚፈልገው ክሮሞዞም ግን የሚመጣው ከባልየው ነው።