ድህነትና የእርሻ ወቅት፦ ከማላዊ ገበሬዎች ኑሮ የምናገኘው ትምህርት

ድህነት ሲባል ብዙውን ጊዜ የገንዘብ ማነስ ብቻ ተደርጎ ይታያል። በእርሻ ለሚተዳደር ቤተሰብ ግን ድህነት ወቅት አለው፤ የሚጠናበት ወር አለ፣ የሚላላበትም ወር አለ። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩት አነስተኛ ታዳጊ አገሮች አንዷ በደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ የምትገኘው ማላዊ ናት።

መንስኤዎቹ

የመጀመሪያው የመሬት ጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በተደረገው ቆጠራ 4 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአገሪቱ ሕዝብ በ2018 ወደ 17.6 ሚሊዮን ደርሷል። ከቆዳ ስፋቷ አንድ አምስተኛ ያህሉ ሐይቅ ነው። በዚህም የተነሣ አብዛኛው ገበሬ የሚያርሰው ከ1 ሄክታር ያነሰ መሬት ነው።

ሁለተኛው የባሕር በር ማጣት ነው። በሞዛምቢክ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 በተካሄደው ጦርነት ወደ ወደቦቹ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ በመቋረጡ፣ ማዳበሪያን የመሰሉ ዕቃዎች እስከ ደቡብ አፍሪካ ወደቦች በሚደርስ ረጅም መንገድ እየዞሩ ይገቡ ነበር። የማጓጓዣው ወጪ ዞሮ ዞሮ በገበሬው ላይ ያርፋል።

ሦስተኛው የገበያ አድልዎ ነው። ዋናው የውጭ ገበያ ሰብል ትምባሆ ሲሆን፣ በርሌይ የተባለውን ዓይነት የማምረት ፈቃድ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለትላልቅ እርሻዎች ብቻ የተሰጠ ነበር።

የድህነቱ መልክ

እ.ኤ.አ. በ2019/20 በተደረገው የቤተሰብ ኑሮ ጥናት መሠረት ከሕዝቡ 50.7 በመቶው ከድህነት መስመር በታች ነበር። በ2015/16 በተካሄደው የጤና ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶው በምግብ እጥረት ቁመታቸው የቀነጨረ ሆኖ ተገኝቷል።

ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን አሠራር መረዳት ለእኛ ለእርሻ ሰዎች ይበልጥ ይጠቅማል። በማላዊ በቆሎ የሚዘራው በኅዳርና በታኅሣሥ ዝናብ ሲሆን፣ መሰብሰብ የሚጀምረው በሚያዝያ ነው። የድሃው ጎተራ የሚራቆተው በታኅሣሥና በየካቲት መካከል፣ የእህል ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ገበሬው «ጋንዩ» የሚባለውን የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣና ለዕለት ምግቡ ሲል የሌላውን ሰው ማሳ ያርማል። የራሱ ማሳ ግን በአረም ይዋጣል። በቆሎ ከአረም መጽዳት የሚገባው ከበቀለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመሆኑ፣ ያለፈው ጊዜ አይመለስም። ምርቱ ይቀንሳል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ጎተራው ካለፈው ቀድሞ ይራቆታል። እንግዲህ ረሃቡ የድህነት ውጤት ብቻ ሳይሆን መንስኤም ይሆናል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2005/06 የምርት ዘመን ጀምሮ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በኩፖን፣ በቅናሽ ዋጋ ማከፋፈል በመጀመሩ በተከታዮቹ ዓመታት የበቆሎ ምርት ጨምሯል። ይሁን እንጂ ከላይ እንደተመለከተው ድህነቱ አልተወገደም። ማዳበሪያ ያገኘ ገበሬ በወቅቱ ካላረመ፣ የማዳበሪያውን ጥቅም አረሙ ይሻማዋል።

ምን እናድርግ?

በአገራችን በመኸር አምራች አካባቢዎች ጎተራ የሚሟጠጠው በክረምት፣ አረም በሚበረታበት ወቅት ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

1. የልማት ሠራተኛው በቀበሌው ውስጥ የየትኛው ቤተሰብ እህል በየትኛው ወር እንደሚያልቅ አስቀድሞ ይመዝግብ።

2. ማኅበራት በአጨዳ ወቅት፣ ዋጋ ሲረክስ፣ ከአባላት እህል ገዝተው ከነቀዝ ተጠብቆ እንዲቆይ ያድርጉ፤ ከአረም ወቅት በፊትም በብድር ያከፋፍሉ። አባሉ ብድሩን ከምርት በኋላ በእህል ይመልስ።

3. ድንችን የመሰሉ ቀድመው የሚደርሱ ሰብሎች በትንሽ መሬት ላይ እንዲለመዱ ይደረግ።

4. የማዳበሪያ ብድር ከዘር ወቅት በፊት ይድረስ።

ድሃው ገበሬ የራሱን ማሳ ትቶ የሰው ማሳ የሚያርመው ሰንፎ ወይም ዕውቀት አጥቶ አይደለም። ምክራችን ፍሬ የሚሰጠው በአረም ወቅት በቤቱ የሚበላ እህል ሲኖር ነው።