ሎግያ ዳር ያለው ቤት 6 ሚሊዮን ያወጣል ወይ?

ዛሬ ሰሊጥም ማሾም የለም፣ ቤት ነው የምናወራው። ምክንያቱም ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ ከሁመራና ከመተማ ጭናችሁ ወደ ገላፊ የምትወርዱ ናችሁ፤ መንገድ ላይ ደግሞ ደላላ አያጣችሁም።

ሰሞኑን አንድ ሰሊጥ ላኪ የሆነ ተከታታያችን እንዲህ ብሎ ጻፈልን፦ «ከሎግያ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሰመራ አቅጣጫ፣ ባለ አራት ክፍል የብሎኬት ቤት አግኝቻለሁ። ሾፌሮቼም ትራንዚተሬም ያርፉበታል፣ የተረፈውን ክፍል አከራያለሁ ብዬ ነው። 6 ሚሊዮን ይሉኛል። ደላላው እስከ ዓርብ ዝጋ እያለኝ ነው። ውድ ነው ርካሽ?»

ማንነቱ እንዳይታወቅ፣ ስሌቱም እንዲቀል ቁጥሮቹን አስተካክለናቸዋል። ስለዚህ የሎግያ የቤት ዋጋ ይሄ ነው ብላችሁ እንዳትይዙት፤ የምንፈልገው መንገዱን ነው። በየሰፈራችሁ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት።

📌 መጀመሪያ፦ የተጠራ ዋጋ ዋጋ አይደለም

ይሄን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ምርት ገበያ ላይ ሻጭ የጠራው ሌላ፣ የተዘጋው ሌላ ነው። ቤት ላይ ግን ሁላችንም እንረሳዋለን። «ጎረቤቱ 7 ሚሊዮን እየተባለ ነው» ሲባል፣ ማን ገዛው ብላችሁ ጠይቁ። የጠራው ብቻ ካለ ገበያ የለም ማለት ነው። ባለፉት ስድስት ወራት በዚያው ሰፈር በእርግጥ የተሸጡ ሁለት ሦስት ቤቶች ፈልጉ፤ ገዢውን ራሱን አናግሩ። ደላላ የነገራችሁን ሳይሆን የከፈለው ሰው የነገራችሁን ያዙ። ውል ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውንም አይበቃም፤ የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ እንዲቀንስ ብለው ዋጋ አሳንሰው የሚጽፉ አሉና።

ተከታታያችን ሁለት አገኘ፦ 4.4 እና 4.8 ሚሊዮን።

📌 ሁለተኛ፦ ኪራዩ ይናገር

ቤቱ በሙሉ ቢከራይ በወር 25,000 ብር ያስገባል እንበል። በዓመት 300,000 ነው። አንድ ወር ባዶ ይቀመጣል፣ ጥገና አለ፣ የመሬት ኪራይና ግብር አለ፤ 60,000 ቀንሱ። 240,000 ይቀራል። በ6 ሚሊዮን ሲካፈል 4 በመቶ ነው፤ ገንዘቡ የሚመለሰው በ25 ዓመት ነው። ባንክ ለቁጠባ ቢያንስ 7 በመቶ ይከፍላል፤ 6 ሚሊዮን ላይ 420,000 ማለት ነው።

«ኪራዩን እጨምራለሁ» የምትሉ ካላችሁ፣ የ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ መኖሩን አትርሱ፤ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ በሚወጣ ተመን የተወሰነ ነው። ከተማው አዋጁን እየሠራበት እንደሆነ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ።

እሺ፣ «ብር ይወድቃል፣ ቤት ግን አይወድቅም» የሚለው ክርክርስ? እውነት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። ፌሮም ቆርቆሮም አብሮ ወጣ፣ የቆመ ቤትም ዋጋው ተነሳ። ስለዚህ ከባንክ ወለድ ትንሽ ያነሰ ኪራይ መቀበል ሞኝነት አይደለም። 6 በመቶ ይበቃኛል ላለ ሰው 240,000 ብር የሚያስገባ ቤት 4 ሚሊዮን ያወጣል። ስድስት ግን አያወጣም።

📌 ሦስተኛ፦ እኔ ብሠራው ስንት ይፈጅብኛል?

90 ካሬ፣ በካሬ 35,000 ብር ቢባል 3,150,000 ነው። አጥር፣ ሴፕቲክ፣ ሮቶ ሲጨመር 3.5 ሚሊዮን ይሞላል። ቤቱ ስምንት ዓመት ስላገለገለ 15 በመቶ ቢቀነስ ወደ 3 ሚሊዮን ይወርዳል። ስለዚህ ከተጠየቀው 6 ሚሊዮን ግማሹ ለግድግዳው አይደለም። ለምንድን ነው ታዲያ? ለቦታው ነው። መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም፤ የምትገዙት የመጠቀም መብት ነው። ለመኖሪያ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ስንቱ ሄደ? የሊዙ ክፍያ ስንት ቀረ? ያልተከፈለው እናንተ ላይ ይመጣል፤ ከዋጋው ላይ ቀንሱት። ግንባታው ከግማሽ ያልደረሰ ከሆነ ደግሞ በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ሻጩ ከቦታው የሚያገኘውን ትርፍ ይገድባል። ስለዚህ «ጅምር ነው፣ በርካሽ ውሰደው» ሲሏችሁ ቆም በሉ።

📌 ቀሪው 3 ሚሊዮን የጭነት መኪና ዋጋ ነው

ይሄን በደንብ ያዙልኝ። ገላፊ ላይ መኪና ሲሰለፍ ሎግያ ላይ አልጋ ይጠፋል። መኪናው ሲቀንስ ምግብ ቤቱም ጋራዡም አከራዩም አብረው ይተኛሉ። በዚህ መስመር ላይ ያለ ቤት ዋጋው ከወደቡ ጋር የታሰረ ነው።

ወደብ ደግሞ ይቀየራል። እስከ 1990 ዋናው ጭነት በዲቸኦቶና በቡሬ አድርጎ አሰብ ይገባ ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ መስመሩ ተዘጋ፣ መኪናው ሁሉ ወደ ገላፊ ዞረ። የቡሬ መንገድ ላይ ቤት የነበረው ሰው ምንም ሳያጠፋ ገበያውን አጣ። ዛሬም ባቡሩ የሚሄደው በድሬዳዋና በደወሌ ነው እንጂ በገላፊ አይደለም፤ በ2009 ሥራ የጀመረው የታጁራ ወደብም በበልሆ በኩል የራሱ መንገድ አለው። ገላፊ ይሞታል እያልኩ አይደለም። ሰመራ የክልል ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ፣ አየር ማረፊያ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አላት። ስለዚህ ለሰመራ ሠራተኛ የሚከራይ ቤት ከሾፌር ብቻ ከሚጠብቅ ቤት የተሻለ ዋስትና አለው። ገላፊ ድንበሩ ላይ ያለ ቤት ግን ሙሉ በሙሉ የመኪና ነው፤ ቅናሹም በዚያው ልክ መሆን አለበት።

📌 ናሙና ሳታዩ አትግዙ

ሰሊጥ ስትገዙ ጆንያውን ወግታችሁ ታያላችሁ አይደል? ቤቱንም ውጉት።

መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ከሰመራ ወደ ገላፊ ስትሄዱ የምታልፏት ሰርዶ በመጋቢት 1961 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች። በነሐሴ 1981 ዶቢ ላይ የደረሰው ደግሞ የመንገዱን ድልድዮች ጎድቷል። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሕዝብ ቀዬውን ጥሎ ወጥቷል። ስለዚህ አዋሽ ሰባትም ሆነ ሎግያ ቤት ስታዩ አዲስ ቀለም አያታልላችሁ። ኮለንና ቢም አለው ወይስ ብሎኬት በብሎኬት ላይ ተደርድሮ ነው? በበርና መስኮት ጥግ ሰያፍ ስንጥቅ አለ? የቤቱን ምንነት የሚያውቅ መሐንዲስ ይዛችሁ ሂዱ፤ የእሱ አበል ከዋጋው አንጻር ምንም ነው።

ጎርፍም አለ። የሎግያ ወንዝ ደርቆ ስታዩት አትመኑት፤ ነሐሴ ላይ ውኃው እስከየት እንደሚደርስ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ።

ሙቀቱን ለማወቅ ቤቱን ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዩት። ጣራው ዝቅ ያለ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሌለው ከሆነ ተከራይ አይቆይበትም። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የራሱ ነው ወይስ ከጎረቤት የተቀጠለ?

📌 ወረቀቱ

ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳና እገዳ የለበትም? ባልም ሚስትም ይፈርማሉ? ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ተስማምተዋል? ቦታው በጎሳ ይዞታነት ይታወቅ ከነበረ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስቀድማችሁ አናግሩ፤ ካርታ ይዞ ከሰፈሩ ጋር ተጣልቶ መኖር የለም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት ካልተመዘገበ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 አይጸናም። ቀብድም በዋዛ አይሰጥም፤ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፍ ይመልሳል። «እስከ ዓርብ» የሚለው ደላላ የሚፈልገው ይሄንኑ ቀብድ ነው።

📌 ታዲያ ምን አልነው?

ኪራዩ 4 ሚሊዮን አለ፣ የተዘጋው ገበያ 4.4 እና 4.8 አለ። የቴምብሩም ወጪ አለ። መሐንዲሱ ካለፈው ከ4.2 እስከ 4.5 ድረስ ትክክለኛ ዋጋ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለወደብ ወሬ ነው። ወሬው እውነት ከሆነ ሻጩም ያውቀዋል፣ ውሸት ከሆነ ተሸካሚው እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ግን ጨመርንለት፣ ከራሴ የደረሰ ስለሆነ። እኔ አንድ ዓመት መስከረም ላይ ባለኝ ገንዘብ ቤት ገዛሁ። ዋጋው ጥሩ ነበር፣ እስካሁንም አልቆጨኝም። ግን ጥቅምት ላይ ሰሊጥ ሲገባ እጄ ባዶ ነበር። ቤቱን ልሽጠው ብል በሁለት ሳምንት የሚገዛ የለም፤ የለመዱኝ ገበሬዎች ለሌላ ሰጡ። ሰሊጥ በቀን ይሸጣል፣ ቤት በወራት። የወቅቱ መሥሪያ ገንዘብ ግድግዳ ውስጥ ከገባ ትክክለኛ ዋጋም ቢሆን ውድ ነው። ማኅበራትና ዩኒየኖች ደግሞ በተለይ፤ ገንዘቡ የአባላት ነው፣ አባላቱ በኅዳር ክፍያ ይጠብቃሉ።

ተከታታያችን ዓርብን አሳለፈው። 4.3 ሚሊዮን አቅርቦ፣ መሐንዲስ ይዞ ተመልሶ ለማየት ቀጠሮ ይዟል። ደላላው ስልክ መዝጋቱን ነግሮናል። ይዝጋ። ቤቱ የትም አይሄድም።

መልካም ገበያ!