አቶ ብርሃኑ ዘሪሁን ከመጻፋቸው በፊት

አቶ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1920ዎቹ አጋማሽ በጎንደር ተወለዱ። የቤተ ክህነትና የዘመናዊ ትምህርት ከቀመሱ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ ደራሲ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አልነበረም!

የዓረፍተ ነገራቸውን እጥር ምጥን ማለት ሰዎች ከጋዜጠኝነታቸው ያመጡታል። «አዲስ ዘመን»ን በአዘጋጅነት መርተዋልና አባባሉ ያስኬዳል። የታሪክ ፍቅራቸው ግን ከዚያ የቀደመ ይመስለናል። በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን አሳተሙ። ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው በ1847 ዓ.ም. የነገሡት በስሜን፣ ከዳባትና ከደባርቅ ወዲያ፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ነው። አቶ ብርሃኑ ሲወለዱ ከዚያ ዕለት ወዲህ ያለፈው ሰማንያ ዓመት ያህል ብቻ ስለ ነበር፣ በጎንደር ሽማግሌዎች አፍ ወሬው ገና ትኩስ እንደ ነበር እንገምታለን።